ጀርመናዊው አዛዥና ነጠላዬ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1984፣ ቅጠል ረግፎ ብርድ ሲገባ ነው። ከካርቱም ከመጣሁ አምስተኛ ወሬ ነበር። የስደተኞች ድርጅቱ ያኖረኝ ከአትላንታ ወጣ ብላ፣ ዱሉዝ ከምትባል ከተማም አልፋ ባለች፣ አንድ የትራፊክ መብራት ብቻ ባላት ከተማ ነው። ልጄ ሰላም ካርቱም እህቴ ዘንድ ቀርታለች። ፋይሏ ገና አላለቀም። ጉዳያችንን የያዘችው የድርጅቱ ሴትዮ "ፖሊስ ስምሽን ከመዘገበ ፋይሉ ይጓተታል" ብላኛለች።

የኅዳር ጽዮን ዕለት፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በአካባቢው ስለሌለ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ነጠላዬን አጣፍቼ የእነሱን ቤተ ክርስቲያን በር ተሳለምኩ። ሦስት ጊዜ ሰገድኩ፤ እንጨቱን ሳምኩ። ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። ሰው ግን ፖሊስ ጠራ።

በዚያ አገር ነጭ ጨርቅ ተከናንበው ጥቁር ሰው የሚያሳድዱ ነጮች እንደነበሩ አላውቅም ነበር። የደወለችው ሴት ከእነሱ ቆጥራኛለች። አሜሪካ ከገባሁ ጥቁርነቴን ያላየችብኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

የመጡት የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ፣ ሚስተር ዲተር ናቸው። ሃምሳ ዓመት የሆናቸው፣ ረጅም፣ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ ሰው።

"አንሶላውን አውልቂ" አሉኝ።

"ነጠላ ነው ጌታዬ። አንሶላዬ አልጋዬ ላይ ነው።"

"እሑድ በሩ ክፍት ነው። ዛሬ የተዘጋ በር ስመሽ ምን ታገኛለሽ?"

"እኛ ደጁንም እንሳለማለን።"

ጣቢያ ወሰዱኝና ቅጽ አወጡ። በአገራችን ፖሊስ ሳይጽፍ ይወስዳል፤ እዚህ ሳይጽፍ አይለቅም።

"እባክዎ አይጻፉኝ። ልጄ ትቀርብኛለች።"

"ወታደር ነበርኩ። ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም ማለት ነው።"

"እንግዲያው አልተደረገም ይበሉልኝ።"

ሳቁ። ብዕሩን አስቀምጠው የራሳቸውን አወሩኝ። ጀርመን ሳሉ ቤታቸው በቦምብ ሲፈርስ ልጅ ነበሩ። በሃያ ዓመታቸው አሜሪካ መጥተው፣ ዜግነቱ ይፈጥንልኛል ብለው ወታደር ሆኑ።

"እንግሊዝኛዬ 'የስ ሰር' ብቻ ነበር" አሉኝ። "ለውትድርና ይበቃል።"

ቬትናም ቆስለው ሲመለሱ ይህች ከተማ በፖሊስነት ቀጠረቻቸው። ደሞዙ አነሰ ብሎ ሌላ ሰው እምቢ ስላለ ነው።

"አሥራ ሰባት ዓመት ሌባቸውን ያዝኩላቸው። እስከ ዛሬ 'ጀርመናዊው' ነው የሚሉኝ።"

"እኔንስ ምን ሊሉኝ ነው?"

"አንቺንማ ዛሬ ጠዋት ብለውሻል።"

ከዚያ ጻፉ። ጽፈው አነበቡልኝ፦ "ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነጭ ጨርቅ ታየ። ሰው አልተገኘም።" ስሜ የለበትም። ያ ሁሉ የወታደር ሥርዓት ስለ ልጄ ዋሸ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ደንግጠው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ።

"ሌላ ቀን ካፖርት ደርቢበት" አሉኝ።

"ለእግዚአብሔር ደጅ ካፖርት?"

"ለእሱ አይደለም። ለጎረቤቶቼ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ደጁን ተሳለምኩ። ስለ ሰላም ለመንኩ። ለእሳቸውም ልለምን ስል በምን ስም እንደምጠራቸው ጨነቀኝ፤ ወደ ጣቢያው ሄጄ የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኳቸው።