ከፈንግል የተረፈችው ገብስማ

ተመራማሪው ቤታችን የመጣው እናቴ ገብስማዋን ዶሮ ለእህቴ ጭዳ ልታደርጋት በቆረጠች ሰሞን ነው። ሁለቱም የፈለጉት ያችኑ አንዲት ዶሮ ነበር። የፈለጓትም ሌሎቹ ሲያልቁ እሷ ስለተረፈች ነው።

ታናሽ እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው በዚያ ዓመት በጋ ላይ ነው። ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ አንድ ቀን ከሌሎች ሴቶች ጋር አውሮፕላን ላይ ጭነው ላኩልን። መካነ ሰላም ከአውቶብስ ስትወርድ የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር። እናቴ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እሷ እጇን እንኳ አላነሳችም። ሲያጎርሷት ትበላለች፣ ሲያስተኟት ትተኛለች፣ ሲጠሯት ዞር ብላ ታያለች፤ መናገር ግን የለም። ሳትሄድ በፊት በመንደሩ አፏ የማያርፍ እሷ ነበረች። «አንቺ ቲቸር ኮስታራ» እያለች በተማሪዎቼ ፊት ታሾፍብኝ ነበር፤ እኔም የምር እቆጣት ነበር። እዚያ ምን እንዳደረጓት ዛሬም አናውቅም። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የምቆጣውን ሰው ግን ፊቱን እንኳ አላውቀውም።

ለእሷ ያላደረግነው የለም። ጤና ጣቢያው ክኒን ሰጣት፤ አስተኛት እንጂ አላናገራት። ሼሁ ቁርአን ቀሩባት፣ ዱዓ ተደረገላት። ጎረቤታችን የቄሱ ሚስት ጠበል በጀሪካን ተሸክማ አመጣች፤ እናቴም «ውሃው የአላህ ነው» ብላ አጠጣቻት። በመጨረሻ እናቴ አጅባር ወዳለች አንዲት አዋቂ ሄዳ መጣች። ሴትዮዋ ያዘዘችው ገብስማ ዶሮ ነው፤ በልጅቷ ራስ ላይ ትዞርና ትታረዳለች፣ ሕመሙም ወደ ዶሮዋ ይሄዳል። ሼሁ ይህን ሲሰሙ «ሺርክ ነው! ከአላህ ሌላ ማመን ነው!» ብለው ተቆጡ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ገብስማ ደግሞ ቤታችን ነበረች። በበልጉ መንደሩ ላይ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ የእናቴን ዶሮዎች ጨርሶባት ነበር። ፈንግል ሲገባ ማታ ደህና ሆኖ ቆጥ ላይ የወጣው ዶሮ ጠዋት አንገቱ ተጣሞ ወድቆ ይገኛል። ሰው ወሬውን እንደሰማ የቆሙለትን ይዞ ወደ ገበያ ይሮጣል፤ የተሸጠው ዶሮም በሽታውን ለገዢው ቤት ያደርሳል። ክትባት አለ ይባላል፤ ግን ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፣ የኛ መብራት ደግሞ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። ያን ጊዜ ገብስማዋ ብቻ በሞቱት መካከል እየጫረች ጥሬዋን ስትለቅም አገኘናት። እናቴ «ይቺንስ ሞት አይደፍራትም» አለች።

ተመራማሪው ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ወጣት ነው። ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ ከፈንግል የተረፈ ዶሮ ይጠይቃል። በየቤቱ የተረፈው ወይ ተሸጧል ወይ ተበልቷል፤ ስለዚህ ገብስማዋን ሲያይ ፊቱ በራ። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ሰምቶ ለእናቴ እንዳስረዳለት ለመነኝ። ዶሮዋን እኔ ያዝኩለት፤ እሱ ከክንፏ ሥር በመርፌ ደም ወስዶ ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ አደረገው። እህቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየን ነበር።

«ደሟን ምን ልታደርገው ነው?» አለችው እናቴ።

«እማማ፣ ይቺ ዶሮ ፈንግልን የቻለችበት ነገር ደሟ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ዘረመል ይባላል፤ ከእናት ካባት የሚወረስ ነው። ባሕር ማዶ አሁን ዘረመልን እንደ መቀስ ቆርጦ የሚያስተካክል ነገር ተገኝቷል። እኛ የትኛው ቦታ እንደሆነ ካወቅን፣ ጫጩቷ ገና ሳትፈለፈል በሽታውን የምትችል ማድረግ ይቻል ይሆናል።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ «እውነቱን ነው?» አለችኝ።

«እውነቱን ነው እማ። ለፈንግል ገና ነው እንጂ በሌላ የዶሮ በሽታ ሞክረውታል።»

እናቴ ተነሥታ ወደ ተመራማሪው ተጠጋች። በእጇ እህቴን እያሳየች፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ከዶሮዋ ያገኘኸውን ለዚች አድርግልኝ» አለችው።

አጎቴ ሳቁን አቆመ። ተማሪዎቼ ስለ ዘረመል ብዙ ነገር ጠይቀውኛል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ወጣቱ መርፌውን መልሶ ከደነው።

«እማማ፣ ለሰው አይሆንም። የእሷ ሕመም ደግሞ በዘር የመጣ አይደለም።»

«በምን እንደመጣ መች አጣሁት። እንዲለቃት ነው የምለምንህ።»

ወጣቱ የደሙን ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ቀጥሎም ዶሮዋን እንድንሰጠው ጠየቀ። ጫጩት ያስፈለፍልባታል፣ ጫጩቶቹ ላይ በሽታውን ይለቅባቸዋል፣ የሚተርፈውንም ያያል። ይህን ሁሉ በሐቅ ነገረን፤ ምነው በዋሸ ኖሮ ብዬ ነበር።

«እሷን አላህ አተረፋት፣ ልጆቿን አንተ ልትፈጃቸው?» አለችው እናቴ።

አልተጣላትም። በሳምንቱ ዶሮ መያዣ ይዞ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ አስባበት እንድትጠብቀው ለመናት። «እባክዎ ብቻ እንዳይሸጧት» አለ። እናቴ «ወላሂ አልሸጣትም» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት እህቴን ጓሮ አውጥተን ቁርበት ላይ አስቀመጥናት። አጎቴ ቢላዋውን ሳለ። እናቴ ዶሮዋን ይዛ በእህቴ ራስ ዙሪያ አዞረቻት፤ «ሕመሟን ውሰጂላት፣ ዝምታዋን ውሰጂላት» እያለች። ዶሮዋ ስትንፈራገጥ ክንፏ የእህቴን ሻሽ መታው። እህቴ ቀና ብላ አየቻት።

«ተያት እማ» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም፤ የሻከረ፣ ቀጭን ድምፅ ነው። «ተረፍኩ ብላለች።»

አጠገቧ ስለነበርኩ ቃል በቃል ሰማኋት። እናቴ የሰማችው ግን መናገሯን ብቻ ነው። «ተናገረች! ልጄ ተናገረች! ወላሂ ሠራላት!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከአጥሩ ማዶ የቄሱ ሚስት፣ ከወዲህ ሌሎች ጎረቤቶች ተቀብለው እልል አሉ። እናቴ ዶሮዋን ለአጎቴ እየሰጠች «ቶሎ በል እንጂ፣ ሳይመለስባት!» አለችው። «አትረዷት እያለች እኮ ነው! አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ እልልታ መካከል ማን ይስማኝ። አጎቴ «ቢስሚላህ» ብሎ አረዳት። እህቴ ደሙ አፈሩ ውስጥ እስኪሰርግ አይታ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችው።

ተመራማሪው እንዳለው በሳምንቱ መጣ። «ታረደች» አልኩት። «ለምን?» አለኝ፤ እህቴን በጣቴ አሳየሁት። ባዶውን መያዣ ተሸክሞ ተመለሰ። ወረቀቱ ላይ ካለው ደም ምን እንዳገኙ አልሰማሁም።

እህቴ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለችም። እናቴ ግን ተስፋዋ ጨመረ፤ «በአንዷ እንዲያ ከተናገረች በሁለተኛዋ ትድናለች» ትላለች። እህቴ ያን ቀን ምን እንዳለች ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። «አንቺ ተምረሻል፣ አልወለድሽም» አለችኝ። በየገበያው ገብስማ ስትፈልግ ከርማ፣ ዓመቱ ሳይሞላ አንዲት አግኝታ በብብቷ ይዛ ገባች።

እህቴ ዶሮዋን አየቻት። ማንም ሳይነግራት ተነሣች፤ ቁርበቱን ከግድግዳው አውርዳ ጓሮ ወሰደችው፣ አንጥፋም ራሷን ደፍታ ተቀመጠችበት።

«አየሽ፣» አለችኝ እናቴ እንባዋ በደስታ እየወረደ፣ «ገብቷታል።»