በመስኮቱ ሥር የተማርኩት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሳራ በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ እዚሁ ጭሮ፣ የወላጆች ስብሰባ ሄድኩ። ልጄ ዳንኤል "እማዬ፣ አንቺ ሂጂልኝ" ስላለኝ ነው። የክፍሉ የጣውላ ወለል በናፍታ ተወልውሏል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ዳይሬክተሩ የሚናገሩት ራቀብኝ፤ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ።

ያኔ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ይባል ነበር፤ የክፍላችንም ወለል በናፍታ ይወለወል ነበር። እትዬ ዘነበች የስድስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሹራባቸው እጅጌ ከጠመኔ አቧራ የማይጠራ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ከኋላ የምንቀመጠው አንገታችንን ካላሰገግን አይሰማንም። ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን፣ "የሰው ቃል አደራ ነው፤ የተባለውን እንዳለ ጻፉ፣ የተጻፈውን እንዳለ አንብቡ" ይሉ ነበር።

አባባ ጫት ነጋዴ ነበሩ። ከሂርና የሚያስጭኑት ጫት ድሬዳዋ ይራገፋል፤ እዚያ ያለው ሸሪካቸው በሾፌር እጅ ደብዳቤ ይልክላቸዋል። ፊደል ስላልቆጠሩ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ግቢያችን እርጥብ ቅጠል ይሸታል፤ እናቴና ሠራተኞቹ ጫቱን በኮባ ሲጠቀልሉ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ።

አንድ ዓርብ እትዬ ዘነበች ለየወላጆቻችን የሚሰጥ ደብዳቤ አስያዙን። አባባ እንደ ልማዳቸው "አንብቢ" አሉኝ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሰው ገላ፣ ሴቶች ልጆችም ሲያድጉ ስለሚያዩት ለውጥ ሊያስተምሩ ነው፤ ወላጅ ይፍቀድ ይላል። የሠራተኞቹ እጅ ቆመ። አንዱን መስመር ልዝለለው አልኩ በልቤ። አልዘለልኩም። ጆሮዬ እየጋለ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

"ወረቀት አምጪና ጻፊ" አሉኝ አባባ። "ልጄን ያስገባኋት ደብዳቤ እንድታነብልኝ ነው። ገላ አስተምሩልኝ አላልኩም። ሴት ልጅን እናቷ ታስተምራለች። ከሰኞ ጀምሮ አትመጣም።"

እናቴን አየኋት። አቀርቅራ ኮባ ትቀድዳለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

ሌላ ነገር ብጽፍ አባባ አያውቁም ነበር። ብዕሩም ወረቀቱም በእኔ እጅ ነበሩ፤ መውጫ ግን አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት የምቀርበትን ደብዳቤ በራሴ እጅ ጻፍኩት። አባባ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ቅዳሜ ጧት እትዬ ዘነበች ቤት ያደረስኩትም እኔው ነኝ። አንብበው አጣጠፉትና በሹራባቸው ኪስ ከተቱት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤታችን መጡ። "ይቀመጡ" ቢባሉም አልተቀመጡም። ደብዳቤውን አውጥተው በዚያ ዝቅተኛ ድምፃቸው ለአባባ አነበቡላቸው።

"ያሉት ይህንን ነው?"

"ቃል በቃል" አሉ አባባ።

"ልጅዎ 'ፈቅጃለሁ' ብላ ብትጽፍ ኖሮ ጣትዎን ያትሙበት ነበር። አልጻፈችም። ከእኛ የተማረችው ይህን ነው። ይጎዳታል ካሉ ያስቀሯት።"

አባባ የኮባውን ልጥ በጣታቸው እየጠቀለሉ ይፈቱ ጀመር። በመጨረሻ፣ "ትሂድ። ያ ትምህርት ሲደርስ ግን ከክፍል ትውጣ" አሉ።

"ትወጣለች" አሉ እትዬ ዘነበች።

ቃላቸውን ጠበቁ። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ እኔን ብቻ አስወጥተው ከመስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ልጆቹ ብቅ እያሉ "እስረኛዋ! ውኃ እናምጣልሽ?" እያሉ ይስቁብኛል። ልነሳ አልችልም፣ ልገባ አልችልም። ከዚያ እትዬ ዘነበች ልጆቹን ወደ ቦታቸው መለሱና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመው ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ቀን ድምፃቸው እስከ ሜዳው ይሰማ ነበር። አንገቴን ማስገግ አላስፈለገኝም።

በዓመቱ ጊዜዬ ሲደርስ አልደነገጥኩም። እንዴት እንዳወቅሁ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። እትዬ ዘነበች ወደ ገለምሶ ተዛውረው ነበር። ዳግም አላየኋቸውም።

በእሑዱ ስብሰባ የታደለን ወረቀት ያንኑ ፈቃድ የሚጠይቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት፣ "እማማ፣ እኛን ማን አስተማረን? ደንግጠን አይደል እንዴ የተማርነው!" ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ፈረመች። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዳንኤል አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ይሄን ቤቷ ትማረዋለች። አይሆንም ብለሽ ጻፊልኝ እማዬ፤ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል።"

የምኖረው በእሱ ቤት ነው። ብዕሩን አነሳሁ። ወረቀቱን ሳላስነካው መልሼ አስቀመጥኩት።

"ራስህ ጻፈው" አልኩት።

አየኝና ጻፈው፤ ፈረመበትም። ሳራ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ቤቷ ትማረዋለች" ያለው ግን ራሱ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳፋዬን ከሳሎኑ መስኮት ሥር አድርጌ ልብስ እያጠብኩ ሳራን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ዳንኤል ውስጥ ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። ድምፄን ከወትሮው ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።