አቧራ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ናትናኤል ከጎንደር መኪናውን እየነዳ መጥቶ እኛ ዘንድ አደረ። ጠዋት ለምሳ የሚሆን ምስር ስለቅም በመስኮት አየሁት። አንዲት ባልዲ ውኃ ይዟል። ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ክዳን ፈሳሽ ባልዲው ውስጥ ጨመረ፣ ፎጣ ነከረ፣ መኪናውን ሊጠርግ ጎንበስ አለ። ምስሩን ከነሰፌዱ ጥዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

"ቁም! አንተ ልጅ፣ ቁም ብዬሃለሁ!"

ፎጣው ከእጁ ወደቀ። "ምነው እትዬ? እባብ አየሽ እንዴ?"

"አቧራው ላይ የተጻፈ ነገር እንዳለ አይተሃል?"

"ምን ይጻፍበታል?"

መኪናውን ዞርሁት። ከኋላም ከጎንም አየሁ፤ ምንም የለም። "በል አሁን እጠብ" አልሁት። ልጁ ግራ ገብቶት፣ ይህ ፈሳሽ ማለቅለቂያ ውኃ እንደማያስፈልገው፣ ጠርጎ ማድረቅ ብቻ እንደሆነ ያስረዳኝ ጀመር። ለእኔ! ይህን ጉድ እኔ የማውቀው እሱ ገና አፍንጫውን መጥረግ ሳይችል ነው። ኋላ ምሳ ላይ ለምን እንደዚያ እንደጮህሁ ጠየቀኝና ነገርሁት። አንዴ ካነሳሁት ላይቀር ጽፌ ላስቀምጠው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከሱዳን ድንበር ብዙ በማትርቀው ሸሕዲ ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ። ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ደሳለኝ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ጋሼ የአንድ የሰሊጥ ባለሀብት ፒካፕ ይነዳ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገና ያላረጀች መኪና። ዛሬ አብደራፊ፣ ነገ መተማ ዮሐንስ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከስሙ በቀር ምንም የሌለው እርሻ ውስጥ ነው። ቤት ሲመጣ አቧራውን ይዞ ይመጣል። ከእሱ ጋር የተጣላሁት ሁሉ በአቧራ ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም።

ቆላውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ጎማ ውጦ የሚያስቀረው ጥቁር ዋልካ አፈር፣ ኅዳር ሲገባ ደርቆ ይሰነጠቅና እንደ ዱቄት ይቦናል። እንጀራው ላይ አለ፣ ፉሉ ውስጥ አለ፣ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ውኃው ደግሞ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ነው፤ ባለጋሪው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ለመጠጥና ለምግብ ያልበቃ ውኃ ለመኪና ማን ይሰጣል?

በዚያው ኅዳር ነው እማማ አንጓችን መናኸሪያ ያገኘኋቸው። ከጎጃም የመጡ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ጥቁር በጥቁር ለብሰዋል። ባላቸውን ቀብረው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ ነው የምንላቸው፤ እማማ አንጓች ወዳገራቸው ለመመለስ አውቶቡስ የሚጠብቁትን ሳሉጎች አንድ በአንድ እየዞሩ ጉርድ ፎቶ ያሳያሉ።

"ይኸን ልጅ አታውቁትም ወይ? ስሙ ይበልጣል ነው። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ለሰሊጥ እንደወጣ ድምፁ ጠፋብኝ።"

የት እንደሚያድሩ ስጠይቃቸው የቲኬት ቤቱን በረንዳ አሳዩኝ። እግዚኦ! እጃቸውን ይዤ ቤቴ ወሰድኋቸው። አሥራ አንድ ቀን አንድ አልጋ ተጋራን። ማታ ማታ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይተኛሉ፤ እንደማይተኙ ግን ትንፋሻቸው ይናገራል። አንድ ቀን ለመሆኑ እስከ መቼ ሊፈልጉት ነው ብዬ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"ካለ ልየው፤ ከሞተም መቃብሩን አሳዩኝና አፈሩን ልንካው። አንዱን ሳላውቅ አገሬ አልገባም፣ ልጄ።"

ጋሼም በየሄደበት ይጠይቅላቸው ጀመር። በመጨረሻ ፎቶዋንም ሰጡት። ሲሰጡት እጃቸው አልለቅ ብሎ፣ ጋሼ በቀስታ ነው ከጣታቸው መሐል ያወጣት።

እንግዲህ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ ነው፣ ጋሼ ገና ሳይነጋ ከእርሻ ተነሥቶ ሲነዳ ውሎ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል፤ አቧራ ሽፋሽፍቱን አንጥቶታል። ያቀረብሁለትን ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ቆሞ ጨለጠው።

"እማማ የሉም እንዴ?"

"መናኸሪያ ናቸው፤ የት ይሄዳሉ?"

"ሲመጡ ቀስቅሽኝ" አለና ከነጫማው አልጋው ላይ ወደቀ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

እኔ ደግሞ መኪናዋን አየሁና አላስችል አለኝ። ሰማያዊነቷ ጠፍቶ አመድ መስላለች። ሦስት ወር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ ትዝ አለኝ። አንድ ሱዳናዊ የከባድ መኪና ሾፌር ድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ጎማ ሲቀይር ጋሼ አግዞት የሰጠው ስጦታ ነው። አንድ ክዳን በባልዲ ውኃ፣ በፎጣ መጥረግ፣ በሌላ ፎጣ ማድረቅ፤ ሌላ ውኃ አያስፈልገውም ብሎታል። ጋሼ ግን አላመነም። "ውኃ ሳይፈስባት ታጠበች የምትባል መኪና ደግሞ ምን ዓይነት ናት?" ብሎ ይስቃል። እኔ ላሳየው!

ሁለት ፎጣ መሥዋዕት አደረግሁ። ሱዳናዊው እንዳለው ፎጣውን በደንብ አርሼ፣ እያጣጠፍሁ፣ ንጹሕ ገጹን እየገለበጥሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጠረግሁ። በር ጨርሼ ወደ በር፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ ኮፈኑ። ጉድ ነው! አቧራው ከፎጣው ጋር ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከሥሩ መስታወት የመሰለ ሰማያዊ ይወጣል። ብቻዬን ሳቅሁ። በመጨረሻ የኋላ መዝጊያው ላይ ደረስሁ። አቧራው ላይ በጣት የተጫጫረ ነገር ነበር። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። የቆመ መኪና ባገኙ ቁጥር "እጠቡኝ" እያሉ የሚጽፉ አሉና የነሱ ሥራ ነው ብዬ ሳላነብ በአንድ እጄ ጠረግሁት። ተማሪዎቼን በየቀኑ "አንብባችሁ መልሱ" እያልሁ የምጨቀጭቅ አስተማሪ!

እማማ አንጓች ሲመጡ ጋሼን ቀሰቀስሁት። ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ እየሳቀ ወጣ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"እማማ፣ ይምጡ! ይበልጣልን የሚያውቅ ሰው አገኘሁልዎት!"

እማማ አንጓች ዘምቢላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ጋሼ ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናዋ ኋላ እየወሰዳቸው ይናገራል። ከጥርጊያው መንገድ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ አንድ ትራክተር ነጂ አገኘ። ፎቶዋን አሳየው። ትራክተር ነጂው ብዙ አየና፣ "መተማ ዮሐንስ አንድ የመጋዘን ዘበኛ አለ፤ እሱ ያውቀዋል፤ ለሱ ደውሉ" ብሎ ቁጥር ነገረው። የጋሼ ስልክ ባትሪ አልቋል። እስክሪብቶ ከሁለቱም ኪስ ጠፋ። "እኔም ቁጥሩን እዚህ…"

እጁ ወደ መዝጊያው እንደተዘረጋ ቀረ። መዝጊያው ያብረቀርቃል፤ የሦስታችን ፊት ይታይበታል።

ክው አልሁ። ሌላ ቃል የለውም። አፌን በሁለት እጄ ያዝሁ፤ እጄ የፈሳሹ ሽታ ይሸታል። ጋሼ ቀስ ብሎ ዞሮ መጀመሪያ ፎጣውን፣ ከዚያ ባልዲውን፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ምን አደረግሽ?"

"ጋሼ… እኔ እኮ…"

"ምን አደረግሽ ነው የምልሽ!"

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ባልዲው ውስጥ አየሁ፤ እንደ ቡና አተላ የደፈረሰ ውኃ ነው። እጄን ነክሬ የማወጣው ይመስል ባልዲው ላይ ተንበረከክሁ። ጋሼ ራሱን ይዞ ቁጥሩን ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዜሮ ዘጠኝ ሌላ አልመጣለት አለ። ትራክተር ነጂው ወደ ሌላ እርሻ እየተጓዘ ነበርና ማን ብሎ፣ የት ብሎ ይፈልገዋል?

"ምን ሆናችሁ ልጆቼ? ቁጥሩ የታለ?" አሉ እማማ አንጓች።

እኔ ጮክ ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ፤ ጋሼ ጀርባውን ሰጠን። በኋላ ገባቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ፣ ቢመቱኝ ምንኛ በወደድሁ! ወደ መዝጊያው ጠጋ ብለው የሞተ ሰው እንደሚዳስሱ በመዳፋቸው ይዳስሱት ገቡ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ በጎን ትመታዋለች። ጎንበስ አሉ፤ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

"ይኸ የተጫረው ምንድን ነው?"

"የቱ እማማ?"

"ይኸ፣ ይኸ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፤ አንች እይው እንጅ።"

እንደሳቸው አንገቴን ዘመም አድርጌ አየሁ። በስመ አብ! የጋሼ ጣት አሸዋ ያለበትን አቧራ ጠንክሮ ሲጭር ቀለሙንም ጭሮታል። ፊት ለፊት ቢያዩት ምንም የለም፤ በጎን በብርሃን ሲያዩት ግን የፀጉር ያህል የቀጠኑ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ አነበበ፤ እኔ መዳፌ ላይ ጻፍሁ። አንዷ ቁጥር ብቻ አንድ ትሁን ሰባት አልለይ አለች።

በእኔ ስልክ መጀመሪያ በአንድ ሞከርን። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ "ተሳስተሻል፤ ግን ደህና ነሽ ወይ ልጄ?" አለኝ። እያለቀስሁ ስለነበር ነው። በሰባት ሞከርን። ጠራ። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትሁት።

"ሃሎ?"

"ይቅርታ፣ የመጋዘን ዘበኛው ነዎት? አንድ ይበልጣል የሚባል ልጅ ፈልገን ነበር።"

"ነኝ። ይበልጣል ነኝ፤ ማን ልበል?"

እኛ የጠበቅነው የሚያውቀውን ሰው ነው። ራሱ ነው ያነሣው! ትራክተር ነጂው የት እንዳለ ለማንም እንዳይናገር ለይበልጣል ቃል ገብቶለት ኖሮ፣ ቃሉንም ላለማፍረስ እናቲቱንም ላለመበደል ያደረገው እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ሲል እማማ አንጓች ነጠቁኝ።

"ይበልጣል?"

ከወዲያ የሆነ በር ሲዘጋ ይሰማል።

"እናቴ?"

"ተዝካርህን አወጣሁ እኮ" አሉ እማማ አንጓች። ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ የደረቀ ድምፅ ነው። "አምና ተዝካርህን አወጣሁ እኮ ልጄ! አገር ጠርቼ፣ ካህናት ጠርቼ። ይኸው ጥቁርህን ለብሼልሃለሁ።"

ጋሼና እኔ ተያየን። ለባላቸው የለበሱት የመሰለኝ ጥቁር ለልጃቸው ኖሯል!

ልጁ እየተንሰቀሰቀ ተናገረ። የመጀመሪያውን ዓመት አጭዶ ሊመለስ ሲል ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ጣለው። ጓደኞቹ አይድንም ብለው ትተውት ሄዱ፤ አገር ቤት ገብተውም ሞተ ብለው አወሩ። ሐኪም ቤት ከርሞ ሲድን ያጨደበት ሁሉ አልቆ እጁ ባዶ ነው። ለከርሞ ይዤ እገባለሁ አለ፤ ለከርሞም ሳይሆን ቀረ።

"ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ እናቴ?"

እማማ አንጓች አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አልፎ አያውቅም። ያኔ ግን ጎረቤት እስኪወጣ ጮሁ።

"ባዶ እጅህን አይደል እንዴ የወለድሁህ!"

በዚያው ፒካፕ ወሰድናቸው። ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ልጁ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ከፎቶው የከሳ። እማማ አንጓች ከመኪናዋ እንደወረዱ ሄደው በጥፊ አጮሉት። ከዚያ አንገቱ ላይ ተንጠለጠሉ። ጋሼ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አገራቸው ሲገቡ ተዝካሩን የበሉት ጎረቤቶች ገሚሱ እንደሮጠ፣ ገሚሱ እንዳማተበ ኋላ ሰማን።

ናትናኤል ይህን ሰምቶ ቁጥሩ መገኘቱን ተአምር ነው አለ። ለእኔ ቁጥሩ አይደለም። ይህን ያህል ዓመት አልፎ ዛሬም የሚያስደነግጠኝ፣ አንድ ሰው ጤናማ ሆኖ፣ እየበላ፣ እየሠራ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ለእናቱ ሞቶ መኖር መቻሉ ነው። ያውም በእፍረት ብቻ። ልጆቼ ርቀው ሲሄዱ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ባለፈው ኅዳር መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሳሉግ ተቀምጦ አየሁ። አውቶቡሶቹ ይሞላሉ፣ ይወጣሉ፤ እሱ አይነሣም። ጠጋ ብዬ ወደ ቤቱ ደውሎ እንደሆነ ጠየቅሁት። ስልክ የለኝም አለ። የኔን ሰጠሁት። ደወለ። "ሃሎ? ሃሎ? ማነው?" የሚል የአሮጊት ሴት ድምፅ ለእኔም ይሰማል። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዘጋውና ስልኩን መለሰልኝ።

"ድምጿን ሰማሁ፤ ይበቃኛል። እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

ስልኩ እጄ ላይ መልሶ ጮኸ። ሰውየው ብድግ ብሎ "አያንሱት፣ በማርያም አያንሱት!" አለኝ።

አነሣሁት። "እናቴ፣ ልጅዎ አጠገቤ ነው፤ ደህና ነው" አልኋቸውና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍሁበት።