ስለ ጉም የተሰጠ አስተያየት

አንኮበር ላይ ሰው እኔን ሲያይ ወሬውን ያቋርጥ ነበር። ማጋነኔ አይደለም። ውሃ ልቀዳ ቦኖው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ሳቃቸውን ውጠው "እንደምን አደርሽ" ይሉኛል፤ ከዚያ ጭጭ። የቀበሌው ንባብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣ ብሎኝ ቤት ስቀመጥ፣ ሥራ ተገኘ ተብዬ የሄድኩ ልጅ ነኝ። መደርደሪያ ሙሉ ቀይ መጽሐፍ ታቅፌ ሲያዩኝ የመንግሥት ጆሮ መሰልኳቸው። አልፈርድባቸውም፤ በደርግ ጊዜ ማን ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ግን እስቲ አሁን፣ ምኑን ነው የምሰማው? የሚያናግረኝ ሰው መች ነበረና!

ዋናው ሥራዬ የግድግዳ ጋዜጣ ማዘጋጀት ነበር። ከላይ የተላከልኝን ዜናና መፈክር ትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም እገለብጥና በሩ አጠገብ እሰቅላለሁ። ማንም አያነበውም። ከሥሩ ባዶ ወረቀት ለጥፌ፣ "የአንባቢ አስተያየት" ብዬ፣ እርሳስ በክር አንጠለጠልኩበት። እሱንም ማንም አልነካው። አንድ ቀን ብሽቅ አልኩና፣ ስለ ምርት ዘመቻ መጻፍ ያለብኝ ቦታ ላይ ስለ ጉም ጻፍኩ። "የአንኮበር ጉም ሆይ፣ ምን በደልኩህ? ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ልብስ ደርቆልኝ አያውቅም። አብዮቱን የማገለግለው እርጥብ ቀሚስ ለብሼ ነው" አልኩ።

በነጋታው ከሥሩ በእርሳስ ተጽፎ አገኘሁ። ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ ወጣ ገባ ያለ፣ መሠረተ ትምህርት ላይ ገና በቅርቡ ማንበብ የጀመረ ሰው ጽሕፈት ነበር። "ልጄ፣ ጉሙ የሚመጣው ከእኛ ከቆላው ነው። ጠዋት አስጪ። ቀትር ሳያልፍ አንሺው" ይላል።

ልጄ ይላል እኮ! አንኮበር ከገባሁ ልጄ ያለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ወረቀቱ አልበቃ አለ። አንዱ "ቆላዎች፣ ጉማችሁን ወደ ቤቱ መልሱ!" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ጉሙ ባይኖር ባቄላችን ምን ይጠጣ ነበር?" አለው። አንዷ ደግሞ "ጓሮ አታስጪ፣ ጓሮሽ ፀሐይ የለውም፤ ደጅ ላይ አርጊው" አለችኝ። ጓሮዬን አይታዋለች ማለት ነው! ቦኖው ጋ አፋቸውን የሚለጉሙብኝ ሰዎች ግድግዳ ላይ ሲቀልዱብኝ ሳይ ለብቻዬ እስቅ ነበር። እንደተባልኩት ጠዋት አሰጣሁ፤ ልብሴም ደረቀ።

ልጄ ያሉኝን ሰው ያገኘኋቸው በገበያ ቀን ነው። ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ በኩል በርበሬ ጭነው የሚወጡ አዛውንት ናቸው። አህያቸውን ደጅ አስረው፣ እርሳሱን በምላሳቸው እያራሱ ሲጽፉ ደረስኩባቸው።

"አባቴ፣ ጉሙን የላኩብኝ እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

"ወላሂ እኔ አልላክሁትም" አሉና ሳቁ። "መንገዱን ግን ሳላሳየው አልቀረሁም።"

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ይመጡ ነበር። ሁለት መስመር ይጽፋሉ፣ ሁለት ቃል ያጫውቱኛል፣ ይሄዳሉ። ሳምንቱን የምገፋው በዚያች ነበር።

ኋላ ንባብ ቤቱን የሚቆጣጠረው ካድሬ መጣ። ግድግዳው በሰው ጽሕፈት ተሞልቶ ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ "ሰፊው ሕዝብ እየተሳተፈ ነው!" አለ። ቀጥሎ "ግን ሥርዓት ይያዝ" አለና ደንብ አወጣ። አስተያየት ሰጪ ሙሉ ስሙንና ቀበሌውን ወይም የገበሬ ማኅበሩን ይጽፋል። አስቀድሞ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ የራሱን ጥፋት ያጋልጣል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስረክባል፤ ታይቶ ይለጠፋል። እርሳሱን ከነክሩ በጥሶ ኪሱ ከተተው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንቡን ያወጣው ተሳትፎ እንዲበዛ ብሎ ነበር፣ ወይ ጉድ!

ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ዝም አለ። ስለ ጉም ለመናገር ማን ስሙንና ቀበሌውን ይሰጣል? ባዶው ወረቀት ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆነ። እኔ ያንን ወረቀት እያየሁ ስውል ዕንባዬ ይመጣ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

በደንቡ መሠረት የጻፉት አዛውንቱ ብቻ ናቸው። በገበያ ቀን ገቡና የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ካድሬው ከጎኔ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

"እንደተባለው አድርጌዋለሁ" አሉ።

ከፈትኩት። ስማቸው አለ፣ ማኅበራቸው አለ። ከዚያ ግለ ሂስ ብለው፣ "የመስኖ ውሃ ተራዬ እንዲቀድምልኝ ለማኅበራችን ሊቀመንበር ፍየል አርጄ አብልቻለሁ። አላህ ይማረኝ" ይላል። መጨረሻ ላይ "ጉሙ ሰሞኑን በርትቷል። ልጄ፣ ጠዋት ማስጣቱን እንዳትረሺ" ብለዋል።

እኚህ ሰው ግለ ሂስን እንደ ተውበት ነበር የወሰዱት፤ የእውነት ኃጢአታቸውን ይዘው መጡ። ይህ ቢለጠፍ ከሊቀመንበሩ በፊት እሳቸው ይታሰራሉ። ካድሬው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ "እስቲ?" ብሎ እጁን ዘረጋ።

"አይነበብም። ደንቡንም አያሟላም" አልኩና ወረቀቱን ለአዛውንቱ መለስኩ።

"ምኑ ጎደለ፣ ልጄ? ሌላ ጥፋት ልጨምርበት?"

አንጀቴን በሉት። "አይሆንም አልኩ እኮ! ይውሰዱት!" ብዬ ጮህኩ። በዓይኔ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። ወረቀቷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና አህያቸውን ፈተው ሄዱ። ነገሩን ላስረዳቸው በየገበያው ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ወደ ንባብ ቤቱ ግን ዝር አላሉም። ከቆላ የሚወጡትን ስጠይቅ "ደኅና ናቸው" ይሉኝና ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን ካድሬው የቀበሌውን ሠራተኞች ሰብስቦ ሕዝቡ ለምን እንደማይሳተፍ ሲያስረዳን ዋለ። ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ትዝ ሲለኝ በመስኮቱ ጉሙ እየወጣ ነበር። እንደተለቀቅን እየሮጥኩ ቤቴ ደረስኩ፤ ገመዱ ባዶ ነው። ተሰረቅሁ ብዬ እሪ ልል ስል፣ ልብሴ በሬ ሥር፣ ጣሪያው የሚከልለው ድንጋይ ላይ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ደረቅ ነው። ፊቴን ቀበርኩበት፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም።

ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ላመሰግን ቸኮልኩና ጮክ ብዬ "ማን ነው ይሄን ልብስ ያነሳልኝ?" አልኳት።

የምመረምራት መስሏት ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። "እኔ አላየሁም። እኔ የለሁበትም፣ እቴ" አለችና ገብታ በሩን ዘጋች።

ልብሴን እንዳቀፍኩ ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ጉሙ መጥቶ አረጠበው።