ይመኙሽ የፋቀችው ሰማይ

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተው ቢያዝን፣ እንጀራው መኳንንቱን ማሳመር ነበር። በፈንጣጣ የተበሳሳውን ጉንጭ ሚስቱ ይመኙሽ ፎቶው መጀመሪያ በሚቀረጽበት መስታወት ላይ በእርሳስ ትደፍነዋለች፤ የተንጠለጠለውን አገጭ በምላጭ ትፍቀዋለች። ባለፎቶውም አይቶ "ቁርጥ እኔን" ይላል። እውነተኛ መልኩን ቢያሳዩት በዱላ ይነሣባቸው ነበር።

ይህ ሥራ ቢያዝንን ሰለቸው። ካገሩ ሊገባ ከተነሣ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ቴሌስኮፕ ገዛና ዓይኑን ወደ ሰማይ አቀና። የፈለገው አንድሮሜዳ የሚባለውን፣ ከእኛ ከዋክብት ሁሉ ማዶ ያለውን ሌላ የከዋክብት መንጋ ነበር። ለዓይን የትንፋሽ ያህል ብዥታ ነው። ዙሪያውን የሚጠመዘዝ ስስ ክንፍ እንዳለው ግን አንብቧል፤ ያን ክንፍ በገዛ ካሜራዬ ካልያዝኩ አለ።

በታኅሣሥ ወገራ ደጋ ወጣ። ካሜራውን ከቴሌስኮፑ ጋር በጠፍር አሰረና ሰማዩ በዞረ ቁጥር መሣሪያውን ቀስ አድርጎ እያዞረ፣ ውርጭ ጣቱን እስኪያደነዝዘው ቆመ።

"ምን ጠፋህ፣ አያ?" አሉት ገበሬዎቹ።

"ክንፍ።"

አዘኑለትና ጠላ ሰጡት።

ብዙ መስታወት ከተበላሸ በኋላ አንዱ ላይ ክንፉ ወጣ። ቢያዝን እንባው መጣ። ጎንደር ተመልሶ ከመኳንንቱ መስታወቶች አጠገብ አቆመውና ደክሞት ተኛ።

ሲነቃ ይመኙሽ ሥራዋን ጨርሳ ነበር።

"የማን እንደሆነ አላወቅሁትም እንጂ ያኛው እድፉ ብዙ ነው" አለችው። "መሃሉን ፍቄ አጸዳሁት።"

ቢያዝን መስታወቱን አነሣ። ዳር ዳሩን ከዋክብት አሉ፤ መሃሉ እንደታጠበ ሳህን ባዶ ነው።

"ምነው ከፋህ? ሸጋ ሆኖ የለ?"

መፋቁን ያስተማራት እሱ ነው።

ድካሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር አትሞ መስኮት ላይ ሰቀለው። የሦስት ወንድማማቾችን ርስት በአንድ ክርክር የጠቀለሉት ፊታውራሪ ነጋ አይተው ገቡ።

"ይህ መሃሉ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም፣ ጌታዬ። ከዋክብት ነበሩበት፤ ተፋቁ።"

"እንግዲያ ባዶ ከሆነ እኔን አግባበት።"

ምስላቸውን አስገባበት። ከነካባቸው ሰማዩ መካከል ጉብ አሉ። ወሬው ተሰማና እስከ ፋሲካ ድረስ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ከጠዳ የመጣው ነጋዴ ሁሉ በየተራ ሰማይ ወጡ። ቢያዝን በዚያ ዓመት ቤቱን በቆርቆሮ አለበሰ። ቴሌስኮፑን አንድ የአይከል ማር ነጋዴ ወሰደው፤ ቀፎውን ማን እንደሚሰርቀው ከማዶ ሆኖ ሊያይበት።