ጉልቤን ባጃጅ አልገጨውም

ይህን ነገር እናቴ እንኳ አታውቀውም። እሷ ሳትሰማ ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገሬ ልክ ይሁን አይሁን ብዙ አሰብኩበት። ግን ከአንድ ቦታ መጀመር አለብኝ። ጉልቤን ባጃጅ አልገጨውም። ጉልቤን የመታሁት እኔ ነኝ።

ጉልቤ ውሻችን ነበር። ጋሪ የሚጎትት ውሻ ከእሱ በቀር ማንም አይቶ ስለማያውቅ፣ ሴቻ ሰፈራችን ውስጥ ስሙን የማይጠራ አልነበረም። እናቴ ወገቧን ስትታመም ከቦኖ ውሃ ማመላለሱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከአሮጌ ብስክሌት ሁለት ጎማ ፈትቼ ትንሽ ጋሪ ሠራሁ፤ ከተቀደደ የደብተር ቦርሳ ማንገቻ ደግሞ የደረት ማሰሪያ ሰፋሁለት። ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ! ዳገቱ ላይ እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ እሱ ምላሱን አውጥቶ ይጎትታል። ቤት ስንደርስ እናቴ "ደረሰ የኔ አንበሳ!" እስክትለው ድረስ ቁጭ አይልም። እኮራበት ነበር። ዛሬም እኮራበታለሁ። ታዲያ ሰው የሚኮራበትን እንዴት ይክዳል?

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቦኖ ስንመለስ አዲሶቹ የክፍል ጓደኞቼ ከፊት ለፊት መጡ። ወላጆቻቸው የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ አላቸው። እነሱ እንዲያቀርቡኝ ስንት ቀን ደክሜ ነበር።

"እንዴ! አህያ ጠፍቶ ነው?" አለ አንዱ።

"ነገ ደግሞ ድመቷን ወፍጮ ቤት ይልካታል!" አለች ሌላዋ። ሳቁ።

"ያንተ ነው?"

እጄን ከጋሪው ላይ አነሳሁ። "የኔ አይደለም" አልኩ። "የጎረቤት ነው። ዝም ብሎ ይከተለኛል።"

ጉልቤ ድምፄን ሲሰማ ጋሪውን እየጎተተ ወደ እኔ ዞረ፤ ጭራውን ይቆላል። ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ ድንጋይ አነሳሁ። እኔ አነሳሁ፤ እኔ ወረወርኩ። ሌላ ውሻ ቢሆን ይሸሽ ነበር። ጉልቤ ግን እኔ በሰፋሁት ማሰሪያ ከጋሪው ጋር ታስሯል፤ ወዴት ይሽሽ? ድንጋዩ የኋላ እግሩ ላይ አረፈ። ሲደነብር አንዱ ጀሪካን ወድቆ ፈሰሰ። እኔ ዞር ብዬ እንኳ ሳላየው ከልጆቹ ጋር ሄድኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ጋሪው በራችን ላይ ቆሟል። የቀረውን አንድ ጀሪካን በሦስት እግሩ እያነከሰ፣ ብቻውን አድርሶታል። እናቴ እግሩን በጨርቅ እየጠቀለለች "ምን አገኘው ልጄ?" አለችኝ።

"ባጃጅ ገጨው።"

"ውይ ጌታዬ! አንተንስ? አንተን አልነካህም?" ብላ እሱን ትታ እኔን ትዳብስ ጀመር።

ከሳምንታት በኋላ ማሰሪያውን ሳነሳ፣ ጉልቤ ራሱ መጥቶ አንገቱን አስገባ። እስኪሞት ድረስ አነከሰ፤ እስኪያረጅ ድረስም ጎተተ። ይቅር ብሎኛል ልበል? የውሻን ልብ በምን አውቄ?

ታሪኩ ግን በሰፈሩ ገነነ። ባጃጅ ገጭቶት ውሃውን ያደረሰ ውሻ ተባለለት። እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር አወራው ነበር። እየቆየሁ "ሹፌሩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ሄደ" የምትል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። እሷስ እውነት ነበረች።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ባለፈው ወር ለግማሽ ዓመቱ እረፍት ቤት በሄድኩ በሁለተኛው ቀን ጉልቤ ሞተ። ጓሮ፣ ሙዙ ሥር ቀበርነው። ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ለአንድ ውሻ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እስቲ የባጃጁን ነገር ንገረን" አሉኝ። እናቴም እንባዋን እየጠረገች "ንገራቸው" አለች። ነገርኳቸው። መቃብሩ ላይ ቆሜ እንደገና ካድኩት።

ያኔ ልጅ ነበርኩ ብዬ እንዳላመልጥ፣ ባለፈው ወር ልጅ አልነበርኩም። ስለዚህ ሰበብ አልፈልግም። ይህን ጽሑፍ ለእናቴ ራሴ አነብላታለሁ፤ ታዝንብኝ ይሆናል፣ ይሁን። እውነቱ ለጉልቤ ይገባዋል። ባጃጅ የገጨው ውሻ ውሃ ቢያደርስ ትልቅ ነገር ነው። ጉልቤ ያደረገው ግን ከዚያ ይበልጣል፦ የገዛ ጌታው ክዶት፣ በድንጋይ መትቶት፣ ለዚያው ሰው ቤት ውሃ አደረሰ። እንዲህ ያለ ውሻ ነበረኝ። እኔ ምን ዓይነት ጌታ እንደነበርኩ ደግሞ አሁን ታውቃላችሁ።