ከሐይቁ ማዶ የሰማሁት ብረት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የልጆቼ ዕድሜ እንኳ አንዳንዴ ይምታታብኛል። ያችን የኅዳር ጧት ግን አልረሳትም። የማልረሳትም ስላማረችኝ ብቻ አይደለም፤ ዋሽቼባታለሁ።

እኔ ቢላዋ ሠሪ ነኝ፤ ሙያውን ከአባቴ ወረስሁት። ዘመኑ ባለሙያን መስደብ ነውር ነው ቢልም፣ ሰው ከኋላችን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ማለቱን አልተወም። ቢላዋ ሲፈልግ ግን የሚመጣው እኛው ዘንድ ነበር። አባቴ ትንሽ የብረት መምቻ ነበረችው። በሠራው ቢላዋ ሁሉ ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ በእሷ ሦስት ነጥብ ይመታል። ዓሣ አጥማጁም ሆነ ሥጋ ቆራጩ እነዚያን ነጥቦች በጣቱ ዳብሶ ካላገኘ አይገዛም። አባቴ ዐይኑ ሲደክም መምቻዋን ለእኔ ሰጠኝ።

ችግሩ ብረት ነበር። ለቢላዋ የሚሆነው የመኪናን ጭነት ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ ነው፤ እሳት ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ስለት ይይዛል። በዚያን ጊዜ ደግሞ መኪናውም የመንግሥት፣ ጋራዡም የመንግሥት ነው። አሮጌ ባሌስትራ አጥር ውስጥ ተከምሮ ሲዝግ በዐይኔ አየዋለሁ። ያለ ወረቀት አንዲት ቁራጭ አትወጣም፤ ወረቀት ሰጪው ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ነጋዴ ዘንድ በድብቅ የሚገኘውም ዋጋው አይቀመስም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከግንባታ የተረፈ ቶንዲኖ ለቅሜ የዓሣ ቢላዋ ሠራሁበት። የአባቴንም ምልክት መታሁበት። ቶንዲኖ ቤት ያቆማል እንጂ ስለት አይይዝም። ሳምንት ሳይሞላ ቢላዎቹ ተጣመው ተመለሱልኝ።

አባቴ አንዱን ተቀብሎ ዳበሰው። ሦስቱን ነጥቦች ሲያገኝ ፊቱ ተለወጠ።

"መምቻዬን አምጣት" አለኝ። ሰጠሁት።

"እውነተኛ ብረት ይዘህ እስክትመጣ ስሜን አትመታም።"

እውነቱን ነው። ምልክቱ ከሌለ ግን የሚገዛኝ የለም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

አንድ ጧት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እንዲያው እግሬ እንደመራኝ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቷል። ሰማዩና ሐይቁ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ደንገሉ አይነቃነቅም፤ ሻላ የሚባሉት ወፎች በጉሙ ውስጥ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። እኔም የቆምሁበት መሬት ይሁን ውሃ ግራ ገባኝ። ምድር ገና ያልተፈጠረች መስላ ነበር።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ከማዶ ደወል ተመታ። ድምፁ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ መጣ፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ መቼ እንዳለቀ ሳላውቅ አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ያማትብ ነበር። እኔ ግን "ባሌስትራ ነው" አልሁ።

አትሳቁብኝ። አባቴ ብረትን በጆሮ መምረጥ አስተምሮኛል። በገመድ አንጠልጥሎ በመዶሻ መታ ማድረግ ነው። ቶንዲኖ ድክ ብሎ ዝም ይላል፤ ጥሩ ባሌስትራ ያዜማል። የተሰነጠቀ እንደሆነ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይነፋነፋል። ያ ከማዶ የመጣው ድምፅ እንከን አልነበረውም።

ጎረቤቴ እንየው ታንኳውን ወደ ውሃ ሲገፋ አገኘሁት።

"ይህ የየት ደወል ነው?"

"የማዶዋ ማርያም። ምነው፣ ዛሬ ገና ሰማኸው?"

"እስኪ አድርሰኝ።"

"ልትሳለም?"

"አዎ" አልሁት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር።

በጉሙ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀዘፈ። የመቅዘፊያው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ደወሉ በየመካከሉ ሲመታ እንየው አቅጣጫውን በእሱ ያስተካክላል። እኔም ጉልበቴን አቅፌ፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ስንት ቢላዋ እንዳለ አስባለሁ። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰላም ከተሰማኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ባንደርስ ብዬ ተመኘሁ።

ደረስን። ቤተ ክርስቲያኒቱ ትንሽ ናት፤ በዛፍ ተሸፍናለች። ዋንዛው ላይ የተሰቀለው ደወል እንዳልሁት ባሌስትራ ነው፤ ከድሮ የጣሊያን የጭነት ካሚዮን የወጣ፣ ወፍራም፣ ክንድ ተኩል የሚሆን። ሳየው ምራቄን ዋጥሁ።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ተሳልሜ ስጨርስ ሙያዬን ነገርኋቸው። ቀጥቃጭ መሆኔን ሲሰሙ ራቅ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አጠገቤ ተቀመጡ።

"አባ፣ ይህን ባሌስትራ ቢሰጡኝ ትልቅ የመኪና ቸርኬ አመጣልዎታለሁ። ድምፁ ከዚህ ይበልጣል" አልኋቸው። ጎማ የሚለብሰው ቸርኬ ለደወል እንጂ ለቢላዋ አይሆንም፤ የሚሻማው ስለሌለ በቀላሉ አገኘዋለሁ።

"አይሆንም ልጄ" አሉኝ። "አንድ ሾፌር ከአደጋ ተርፎ የተሳለው ነው። ለታቦት የገባ ዕቃ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ተሰብሮ ከአገልግሎት ካልወጣ ከዚህ ቅጥር አይወጣም።"

ቀና ብዬ ደወሉን አየሁት። ከዚያ ዐይኔን በጨው ታጥቤ፣ "ተሰንጥቋል እኮ አባ" አልሁ። ተነሥቼም ደወሉን በጣቴ ቆረቆርሁት። "ይኸው እዚህ ጋ። ከውስጥ ነው፤ ለዐይን አይታይም። በጆሮ ነው የሚታወቀው። አንድ ቀን ወድቆ ሰው ይጎዳል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ማርያምን" አልሁ። እዚያው ደጇ ላይ ቆሜ።

ቄሰ ገበዙ ዐይናቸውን ከፊቴ አላነሡም። ከዚያ፣ "ስንት ልጅ አለህ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

"ሦስት።"

"ሥራስ?"

"ብረት ጠፍቶ ቆሟል።"

ሄደው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ። ተመልሰው ባሌስትራውን ራሳቸው ፈትተው ሰጡኝ። ለመንገዴም ከግቢው ሎሚ ቀጥፈው በእጄ አስያዙኝ። ቸርኬውን በሦስት ቀን አመጣለሁ ብዬ ተሰናበትሁ። ስንመለስ ጉሙ ተገፍፏል፤ ፀሐዩ ዐይን ይወጋል። እንየው ባሌስትራውን አይቶ፣ "መሳለም እንዲህ ነው እንዴ?" አለኝ።

አባቴ ብረቱን አንጠልጥሎ መታው። ድምፁ እስኪያልቅ ጆሮውን ሰጠው። ከዚያ ገመድ የበላውን ቀዳዳ በጣቱ ዳበሰና፣ "ይህ ደወል ነበር" አለ።

"ተሰንጥቋል ብለው የሰጡኝ ነው።"

"ስንጥቁን አሳየኛ" ብሎ ጣቱን ዘረጋልኝ። የማስነካው ስንጥቅ ከየት ይመጣል? አንገቴን ደፋሁ። "ልጆችህ ይራባሉ፣ ሥራበት" አለኝ። "መምቻዋ ግን እኔው ዘንድ ትቆይ።"

ሠራሁበት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ቢላዋ ሠርቼ አላውቅም፤ ፀጉር ይላጫል። ምልክት ስለሌለው ግን ዓሣ አጥማጆቹ ዳብሰው መለሱልኝ። እኔም የማዶዎቹን ፊት ማየት ፈርቼ፣ ቸርኬውን ዛሬ ነገ እያልሁ አቆየሁት። ጧት ጧት ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ጉሙ አለ፣ ሻላው አለ፤ ማዶው ግን ዝም ብሏል።

በሁለተኛው ሳምንት እንየው ከማዶ መጣና፣ "ቄሰ ገበዙን አየኋቸው" አለኝ። "ደወል የለም ብለው፣ ጎሕ ሳይቀድ በየቤቱ እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ ሰው ይጠራሉ። በዚያ ጉልበታቸው።"

በማግስቱ ቸርኬውን ታንኳ ላይ ጫንሁ። ከቢላዎቹም ምርጡን ለእሳቸው ያዝሁ። ስደርስ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ደወሉ አልተሰነጠቀም ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ስንት ዓመት በየጧቱ የመታሁት እኔ አይደለሁም? ደኅና መሆኑን አጥቼው ነው? ካልተሰበረ አይወጣም፣ ሥርዓቱ ነው። እኔም ልሰጥህ ብፈልግ መንገድ አልነበረኝም። አንተ ዋሸህ፤ እኔም አውቄ ዝም አልሁ። ደኅናውን ብረት ተሰንጥቋል ብሎ እዚህ ደጅ ላይ የሚምል ሰው፣ ቤቱ ባዶ ቢሆንበት ነው አልሁ።"

ቢላዋውን እግራቸው ሥር አኖርሁት። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

"ዝም ማለቴም ኃጢአት ነውና ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደት ተሰጥቶኛል። ያንተንም ድርሻ እንዲጨምሩብኝ ለመንኋቸው። ገና አልጨረስሁትም።" ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ተነሥና ቸርኬውን እንስቀል እንጂ፣ በር ማንኳኳቱ ሰለቸኝ" አሉኝ።

አለቀስሁ። ትልቅ ሰውዬ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። የቀረውን ስግደት ግን አልተውሁላቸውም፤ ተካፍለን እዚያው አብረን ሰገድን።

ቤት ስመለስ ለአባቴ አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። ከዚያ መምቻዋን ከራስጌው አውጥቶ በመዳፌ ላይ አኖራት። "ብረቱማ ከመጀመሪያውም እውነተኛ ነበር" አለኝ።

ዛሬ አባቴም ቄሰ ገበዙም በሕይወት የሉም። እኔም አርጅቻለሁ። ሱቄ የሚመጣ ሰው አንዳንዴ ይዋሸኛል፤ አንዱ ዱቤ ለመውሰድ እናቴ ታማለች ይላል፣ ሌላው ራሱ ያበላሸውን ቢላዋ አንተ ነህ ያበላሸኸው ብሎ ይምላል። ቁጡ ሰው ነኝ፤ ደሜ ቶሎ ይፈላል። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ግን እንደ ቄሰ ገበዙ ፊቱን አያለሁ። ችግር ያስዋሸው ከመሰለኝ፣ ስንት ልጅ አለህ ብዬ እጠይቀዋለሁ።